ምላስ ያወጣው ግድግዳ

ቱንቢን ስለ ግድግዳው ጠይቆ ያስጀመረ ሰው ወዮለት! ቶሎ የሚያልቅ ወሬ አይደለም፤ ምሳውን በልቶ ቢመጣ ይሻለዋል። ቱንቢ ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ግንበኛ በነበረበት ዘመን ግድግዳ መዝመም አለመዝመሙን የሚለካበት ባለ ገመድ ብረት ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰው ቤት ሲጋበዝ፣ ገና ሳይቀመጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሰውየውን ቤት ማዕዘን ያያል። ሚስቱ በክርኗ ትጎስመዋለች። "ኧረ መጀመሪያ ሰላም በል! ቤቱን ልትገዛው ነው እንዴ?" ትለዋለች። እሱ ግን ምን ያድርግ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረበት ዓይን ነው።

ግድግዳው የሚባለው ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ቁምስና የሚባለው የሰፈሩ ካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የግራ ግድግዳ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አርባ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ታሪኩ በትንሽ መጽሐፍ ይውጣ ተባለና ሥራው ለቁምስናው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ተሰጠ። መምህርቷ ሠላሳ ያልሞላት፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ የምትሄድ፣ አንዱን ጠይቃ መልሱን ሳትሰማ ሌላ የምትጠይቅ ፈጣን ልጅ ናት። የድሮ መዝገብ አገላብጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከሠሩት ሰዎች በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ደረሰችበት። አንዱ ግንበኛው ቱንቢ ነው። ሌላው ጣሪያውን ያቀናው አናጢ፣ የቱንቢ ታናሽ ወንድም።

"አባባ፣ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ባናግራችሁስ?" አለችው በመጀመሪያው ቀን።

"እሱን ለብቻው አናግሪው" አለ ቱንቢ፤ ፊቱ ክስም አለ። አዲስ መጤ ስለሆነች አላወቀችም እንጂ፣ ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፋቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ወደ ግድግዳው ወሬ ሲገባ ግን ፊቱ መለስ አለ። መምህርቷን ከበሩ ጀምሮ እያዞረ አስጎበኛት። "ከዚህ በፊት ቅዳሴ የሚቀደሰው የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ነበር" አላት። "ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥል ስብከት የሚሰማ የለም። የዛኔው አባ 'በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ዝም በል ብሎኛል' ብለው ቁጭ ይሉ ነበር። ኋላ ይኼ ቦታ ተገኘና መሐንዲስ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲጋራ ከጣቱ የማይለይ ሰው። ፕላኑን ሲዘረጋልን ሁላችንም ክው አልን። ማዕዘን የለው፣ ምሰሶ የለው! ከላይ ሲታይ ቁርጥ ዕንቁላል ነው። መሠዊያውን ከጥግ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ አስጠግቶታል፤ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ የካህኑን ጀርባ ሳይሆን ፊቱን እንዲያይ። ቀና በይ እስኪ፣ በጣሪያውና በግድግዳው መሐል ዙሪያውን መስታወት ነው። ጣሪያው ምንም ያልነካ ይመስላል። አሮጊቶቹ የመጀመሪያ ቀን ገብተው 'ይኼ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ የውሃ ታንከር?' አሉ። ስሙ በዚያው ቀረ። እስካሁን ታንከሩ ጋ እንገናኝ ነው የሚባለው።"

"ጣሪያውን የሠራው..." ብላ ጀመረች መምህርቷ።

"ግድግዳውን እዪልኝ" አለ ቱንቢ።

ዳሰሰችው። ሠላሳ አራት ሜትር ነው፤ ከበሩ አጠገብ ጀምሮ ቀስ እያለ እየታጠፈ መሠዊያው ድረስ ይዘልቃል። ልስን የለው፣ ቀለም የለው፣ ጡብ በጡብ ላይ ብቻ። በሁለቱ መሐል ምላጭ አይገባም። እውነት ለመናገር ያምራል፤ ቱንቢ ባይመጻደቅበት ኖሮ ደግሞ የበለጠ ባማረ።

"አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል" አለች መምህርቷ ደብተሯን እየገለጠች። "ፕላኑን አይቼዋለሁ። እዚያ ላይ ጡቦቹ ወጣ ገባ ያሉ ናቸው። አንዳንዱ አራት ጣት ያህል ይወጣል። ይኼ ግን ልሙጥ ነው።"

ቱንቢ እጁን አወናጨፈ። "አስቀያሚ ነበራ! ጥርሱ የወላለቀ ሰው አፍ ነው የሚመስለው። መሐንዲሱን ለመንኩት፤ አሻፈረኝ አለ። በመሐሉ ታሞ ሦስት ሳምንት ቀረ። እኔም ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ልሙጥ አድርጌ ጨረስኩት።"

"ወይኔ! ሲመጡ አልተቆጡም?"

"መጣ፣ ቆመ፣ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ አንድ ጊዜ ጧ አድርጎ አጨበጨበና ጆሮውን አዘንብሎ ትንሽ ቆየ። ራሱን እየነቀነቀ ሳቀና ሄደ። አጨበጨበልኝ እኮ! በሥራ ዘመኔ ያጨበጨበልኝ መሐንዲስ እሱ ብቻ ነው።"

መምህርቷም "መሐንዲሱ በአድናቆት አጨበጨቡ" ብላ ጻፈች።

የወንድማማቾቹ ጠብ እንዲህ ነው። እናታቸው አርጅታ አልጋ ላይ ስትውል አናጢው ጋ ነበረች። እሱ ትዳር አልያዘም፤ ብቻውን ሁለት ዓመት ሙሉ አገላብጦ፣ አጥቦ፣ አጉርሶ አስታመማት። ቱንቢ በዚያን ጊዜ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ግድብ ሥራ ላይ ነበር። "ከባሰባት ጥራኝ፣ በአንድ ቃል እደርሳለሁ" ብሎት ነው የሄደው። ጥሪው ደረሰው። የደረሰው ግን "አርፋለች፣ ተቀብራለች" የሚል ነው። መጥቶ ወንድሙን አንገቱን ሊያንቀው ምንም አልቀረው። "ለምን አልጠራኸኝም?" ሲለው ታናሽየው "ድንገት ነው የሆነው" አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጎረቤት ደግሞ "ኧረ ሦስት ቀን አጣጥራለች" አለ። አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲተያዩ አንዱ መንገድ ይሻገራል። ቱንቢ መቃብሯ ላይ ቆሞ ለእናቱ "አልመጣሁልሽም" ሲል ያለቀሰውን ልቅሶ ሚስቱ ብቻ ታውቃለች።

ይኼ ሁሉ እያለ፣ መጽሐፉ በሚዘጋጅበት ዓመት አዲስ ቆሞስ፣ የቁምስናው አለቃ አባ፣ ተሾሙ። ወጣት ናቸው፣ ትሑት ናቸው፣ ግን እንደ አዲስ ሰው ሁሉ ዕቃ ማዛወር ይወዳሉ። ኑዛዜ የሚሰማባት የድሮዋ ትንሽ ክፍል እርጥበት ስለበላት መናዘዣውን ወደ በሩ አምጥተው፣ የግራው ግድግዳ በሚጀምርበት ሥርጉድ ውስጥ አደረጉት። ወፍራም መጋረጃ ተጋረደ፣ ሁለት ወንበር ገባ። አመቺ ነው፣ ከሰው ዓይን የራቀ ነው፤ ሁሉም ደስ አለው።

ቱንቢ ደግሞ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታንከሩ ይገባል። የሚቀመጠው እዚያው ግድግዳው የሚያልቅበት፣ መሠዊያው አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሚስቱ የሠራችለት ትንሽ መከዳ እንኳ እዚያው ትውላለች፤ ማንም ደፍሮ አይቀመጥባትም። ያን ቅዳሜ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል። ቤቱ ጭር ብሏል። ድንገት አንድ ሰው ጆሮው ሥር ጉሮሮውን ጠረገ።

ዞር አለ። ማንም የለም።

"አባ፣ ይኼን ኃጢአት ከዚህ በፊትም ተናዝዤዋለሁ" አለ ድምፁ። ሹክሹክታ ነው፤ ግን ቁልጭ ያለ፣ ከንፈሩን ጆሮው ላይ የለጠፈ ያህል። "ከላዬ ላይ አልወርድ ስላለኝ ነው።"

ቱንቢ ድምፁን ለየው። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን መጥረግ ከልጅነቱ የነበረበት ሰው አንድ ነው። እጁ ላይ ያለው መቁጠሪያ ቀዘቀዘው። መጋረጃው ሠላሳ አራት ሜትር ርቆ ይታየዋል። ድምፁ ግን በልሙጡ ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ እሱ ጆሮ ውስጥ ይወድቃል። መሐንዲሱ ለምን እንዳጨበጨበ የገባው ያኔ ነው። ሰውየው ግድግዳውን እያዳመጠ ነበር እንጂ ለማንም አላጨበጨበም! አርባ ዓመት ሙሉ የኮራበት ጭብጨባ በአንዴ ሙልጭ ብሎ ሄደ።

መነሣት ነበረበት። ያውቃል። የድሮው አባ ትምህርት ሲያስተምሩ "የሰው ኑዛዜ በድንገት ጆሮው የገባ ሰው እንደ ካህኑ ነው፤ መቃብር እስኪገባ አፉን ይዘጋል" ብለው ነግረውታል። ተነሥቶ መውጣት ነበረበት፤ እሱ ግን ተቀምጦ ሰማ።

"እናቴ ልትሞት ስትል ሦስት ቀን የጠራችው ወንድሜን ነው" አለ ድምፁ። "ሁለት ዓመት ያጠብኳት እኔ፤ የምትጠራው እሱን። ውሃ ስሰጣት በሱ ስም ነው የምትጠራኝ። ቅናት አንጀቴን በላው። መልእክተኛ በር ላይ ቆሞ 'ልሂድ ወይ?' ሲለኝ 'ቆይ ነገ' አልኩት። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። አውቄ ነው ያስቀረሁት፣ አባ።"

"ለወንድምዎ ይንገሩት" የሚል የአባ ድምፅ ተሰማ።

"አልችልም። ስትጠራው ሦስት ቀን እንደቆየች ቢያውቅ ልቡ ይሰነጠቃል። ክፉ ነህ ብሎ ቢጠላኝ ይሻለኛል።"

ቱንቢ መቁጠሪያውን አፉ ላይ ነክሶ ቆየ። ከዚያ በጓሮው በር ወጣ።

ቤቱ ገብቶ እራትም አልቀመሰ። ሚስቱ ግንባሩን ዳሰሰችው። "አመመህ?"

"አላመመኝም።"

"ግድግዳህ ላይ የማይሆን ነገር አየህ?"

"ተይኝ እስኪ አንቺ ሴት!" አላት፤ ወዲያው ደግሞ እጇን ያዘና ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም። አርባ አምስት ዓመት አብራው ኖራለችና ዝም ብላ ያዘችለት።

ሌሊቱን አይደለም ሳምንቱን አልተኛም። ተቆጥቶ ነበር ብቻ ማለት ውሸት ነው፤ ተቆጥቶም ነበር፣ ደስም ብሎት ነበር፣ ወንድሙም አሳዝኖት ነበር። ጠርታኛለች! ሦስት ቀን! አሥራ አንድ ዓመት እናቱ ረስታው የሞተች መስሎት ነበር። ያ ሞኝ ወንድሙስ? የሱ ልብ እንዳይሰበር ብሎ እየተጠላ ሲኖር? ሄዶ በሩን በርግዶ "አንተ የማትረባ፣ ይቅር ብዬሃለሁ!" ሊለው ሦስት ጊዜ ጫማውን አጠለቀ። ሦስት ጊዜ አወለቀ። የሰማው ነገር የሱ አይደለም። በዚያ ጆሮ የገባ በዚህ አፍ አይወጣም፣ በቃ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አባን ግቢው ውስጥ አበባ ሲያጠጡ አገኛቸው። "አባ፣ ልናዘዝ" አላቸው። "ግን እዚያ ውስጥ አልገባም። እዚሁ እየሄድን።"

ነገራቸው። የማን ኑዛዜ እንደሆነ ሳይሆን መስማቱን፣ መነሣት ሲገባው አለመነሣቱን። አባ ስሙን እንዳይጠራ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ምልክት ሰጡት። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ። ኃጢአቱን ከፈቱለት በኋላ ሁለቱም ገብተው ሞከሩት። አባ መጋረጃው ውስጥ ገብተው በከንፈራቸው ብቻ "አባታችን ሆይ" አሉ። ቱንቢ ከወንበሩ ተነሥቶ "አሜን!" ብሎ ጮኸ።

"ወይ መዓት!" አሉ አባ እየሮጡ ሲመጡ። "ዛሬውኑ መናዘዣውን አነሣዋለሁ።"

"ማንሣቱ አይበቃም" አለ ቱንቢ። "ነገ እዚያ የእመቤታችን ምስል ይቆም ይሆናል። ስንቷ እናት እዚያ ተንበርክካ የሆዷን ታወራለች። ግድግዳው ሰው አይመርጥም፣ ሁሉንም ያቀብላል። መሐንዲሱ ወጣ ገባ አድርገው ያለኝ ድምፁ እንዲሰባበር ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ውፍረቱ በተለያየ ጣውላ ከላይ እስከታች መሸፈን አለበት።"

አባ ግድግዳውን አዩት። ከዚያ እሱን አዩት። "ይኼን? እርስዎ ነዎት ይሸፈን የሚሉት?"

"ይሸፈን።" ግድግዳውን በመዳፉ መታ አደረገው። "ጥሩ አናጢ ያስፈልጋል።"

በቁምስናው ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አናጢ አንድ ነው። ቱንቢም ያውቃል፣ አባም ያውቃሉ። አባ ስለዚያ አናጢ የሚያውቁትን መናገር አይችሉም፤ ቱንቢም የሚያውቀውን መናገር አይችልም። ሁለት ሰዎች አፋቸውን ሞልተው ውሃ የያዙ ይመስል ተፋጠጡ።

"አባ፣ ወደ አንድ ሰው ብሄድ" አለ ቱንቢ በመጨረሻ፣ ቃል እየመረጠ፣ "የሰማሁትን እንደመጠቀም ይቆጠርብኛል?"

አባ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። "የሰማኸውን ተው። ወንድም ወንድሙ ቤት ለመሄድ ምክንያት አያስፈልገውም" አሉ፤ አንቱታውን እንኳ ረስተውት ነበር።

የአናጢው ቤትና ሥራ ቤት አንድ ግቢ ነው። ቱንቢ ሲገባ ታናሽየው ጎንበስ ብሎ እንጨት ይልግ ነበር። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ከመንገድ ማዶ ይህን ያህል አይታይም ነበር። ቀና ሲል መላጊያው እጁ ላይ ቀረ።

"እንደምን አደሩ" አለ፣ ለማያውቀው ደንበኛ እንደሚባለው።

ቱንቢ ያጠናው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። "ጣውላ ፈልጌ ነው" አለ። ስለ ግድግዳው አስረዳው፤ እንደሚያስተጋባ፣ መሸፈን እንዳለበት። ማን ምን እንደሰማ አላነሣም።

"ቁምስናው ነው የላከዎት ወይስ በራስዎ ነው?"

"በራሴ ነው።"

ታናሽየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ያን ግድግዳ? በጣቱ የነካውን ሰው ሲቆጡ አልነበር እንዴ? ያመመዎት ነገር አለ?"

"እርጅና ነው በለው። ትሠራዋለህ፣ አትሠራውም?"

አናጢው የላገውን እንጨት በመዳፉ ሄደበት፣ መለሰበት። "ሰኞ እመጣለሁ። የሚያቀብለኝ ሰው ግን የለኝም።"

"እኔ አቀብልሃለሁ" አለ ቱንቢ።

ሰኞ መጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጣውላ ሲለኩ፣ ሲቆርጡ፣ ሲደረድሩ ዋሉ፤ ግድግዳው ላይ ገና አንድም አልተሰቀለም። ወሬያቸው ቁጥር ብቻ ነው። "ሠላሳ ሁለት" ይላል ታናሽየው። "ሠላሳ ሁለት" ይላል ቱንቢ። በሥራ ዘመኑ ስንቱን አናጢ ሲያዝ የኖረ ሰው፣ አሁን እርሳስ በአፉ ይዞ የታናሹን እጅ ይጠብቃል። የቱንቢ ሚስት በበኩሏ ምሳ የላከችው በአንድ ሣህን ነው፤ ማንኪያውም አንድ። "ሌላ ማንኪያ ረስታለች" አለ ቱንቢ አፍሮ። ታናሽየው "እሷ ረስታ አታውቅም" አለ፤ ተቀባብለው በሉ። የታናሽየው ከንፈር ጫፍ ፈገግ ሊል ሲል ግን መልሶ ሰበሰበው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቱንቢ መሰላል ላይ ወጥቶ የጣውላውን ልክ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ታናሽየው መሠዊያው አጠገብ፣ የግድግዳው መጨረሻ ላይ ሜትሩን ይዞ ጎንበስ ብሏል። መምህርቷ የጻፈችውን ልታርም መጥታ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ስትፈልግ መጋረጃው ብቻ የቀረበትን የመናዘዣ ሥርጉድ አግኝታ መጋረጃውን ዘግታለች። ቱንቢ ከላይ ሆኖ የወንድሙ ጀርባ ቀጥ ሲል አየ።

"ማነው?" አለ ታናሽየው ዙሪያውን እያየ።

ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስጠጋ። ከዚያ ቀስ እያለ ሠላሳ አራቱን ሜትር ሄደና መጋረጃውን ገለጠ። መምህርቷ "እንዴ! አስደነገጡኝ!" አለች። ለራሷ ስታነብ ነበር፤ በሹክሹክታ።

"ምን ነበር ያነበብሽው፣ ልጄ?"

"'ግድግዳው እስከ ዛሬ እንከን አልተገኘበትም' የሚለውን።"

"እስኪ ድገሚው። ቀስ ብለሽ፤ ለራስሽ።" ተመለሰ። ወንበሯ ላይ፣ መከዳዋ ላይ ተቀመጠና አዳመጠ። ቱንቢ መሰላሉ ላይ እንዳለ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ታናሽየው ከሥሩ ያለችውን መከዳ አየ፣ በእጁ ዳሰሳት፤ ዘወትር ቅዳሜ ማን እንደሚቀመጥባት የማያውቅ ሰው በቁምስናው የለም። ጥቂት ቆይቶ "ልጄ፣ ለዛሬ ይበቃሻል፤ ግቢ ወደ ቤትሽ" አላት። መምህርቷ የሁለቱንም ፊት አየችና ምንም ሳትጠይቅ ወጣች፤ ሳትጠይቅ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ቱንቢ ከመሰላሉ ወረደ።

"ያን ቅዳሜ እዚህ ነበርክ" አለ ታናሽየው። አንቱታው ጠፍቷል።

ቱንቢ የተቆረጡትን ጣውላዎች አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረ።

"ሰምተህ ነው እቤቴ የመጣኸው!"

"ጣውላ ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ውሸታም!"

"ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ ስለዚያ እኔን አትጠይቀኝ" አለ ቱንቢ። "የምነግርህ ነገር የለኝም፤ እስክሞትም አይኖረኝም። አንተ የምትነግረኝ ካለህ ግን ይኸው ቁጭ ብያለሁ።" እውነትም ተቀመጠ፣ መሬቱ ላይ፣ ጣውላዎቹ መሐል።

ታናሽየው ሜትሩን አጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገረው፤ ጥሪውን፣ ቅናቱን፣ በር ላይ ያስቆመውን መልእክተኛ። ቱንቢ ሰምቶት የማያውቅ ያህል እንደገና አመመው። ያለቀ መስሎት ሊናገር ሲል ታናሽየው እጁን አነሣ።

"አላለቀም። ይኼን ለአባም ነግሬ አላውቅም፤ ኃጢአት ይሁን አይሁን ስላልገባኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ማየት አቆመ። ስምህን ጠራች። ጉልበቷ ሊያልቅ ነው፣ አሳዘነችኝ። 'አቤት እማዬ፣ መጣሁ' አልኳት። አንተን ሆኜ።"

ቱንቢ ቀና ብሎ አየው።

"እጄን ያዘች። መዳፌን ዳሰሰችው። የኔም እንዳንተው ሻካራ ነው፤ አመነችኝ። ፊቷ በራ፣ ጋሼ። እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።"

"ምን አለችኝ?" አለ ቱንቢ። "ለኔ ምን አለችኝ?"

ታናሽየው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልጠራለትም፤ እንደገና ጠረገ።

"'ታናሽህን አደራ' አለች። 'ሲያዩት ደረቅ ይመስላል እንጂ ሆደ ባሻ ነው። ሁለት ዓመት ሲያገላብጠኝ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። አንተን ስጠራ እንደሚከፋው አውቃለሁ። እሱን ምን ብዬ ልጥራው፣ እጄ ላይ ነው! እኔ ስሄድ ካንተ ሌላ ማንም የለውም። እንዳትጨክንበት' አለች። ከዚያ አልተናገረችም።"

ውጭ መኪና አለፈ። በጣሪያው ሥር ባለው መስታወት የከሰዓት ፀሐይ ገብታ ጣውላዎቹ ላይ ተኝታለች።

"አደራው ያንተ ነበር፤ እኔ ነኝ የተቀበልኩት" አለ ታናሽየው። "እንዴት ብዬ ልንገርህ? 'ስለ እኔ አደራ ብላሃለች' ብዬ? ከቀብር ያስቀረሁህ እኔ?"

ቱንቢ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። እናቱ ከዓለም የለመነችው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያን ተቃራኒ ሲያደርግ ኖረ። መንገድ ሲሻገር፣ ፊት ሲነሳ፣ ብቻውን ያረጀውን ወንድሙን በበዓል ቀን እንኳ ሳያንኳኳበት።

"ጨከንኩብህ" አለ። "ጨከንኩብህ እኮ!"

"አላወቅህም ጋሼ። እኔ ነኝ ያላሳወቅኩህ።"

"ማወቅ ነበረብኝ! ሆደ ባሻ መሆንህን እኔም አውቅ የለ? እናት ካልነገረችኝ አላውቅም?" በእንባው መሐል ተቆጣ፤ በራሱ ነው የተቆጣው። ከመሬት ተነሣ፣ ሄደና ወንበሯ ላይ ከታናሹ ጎን ተቀመጠ። ለአንድ ሰው የተሠራች መከዳ ናት፤ ተጠጋጉባት። ነጩን ራሱን ይዞ ደረቱ ላይ አስደገፈው።

"በቃ፣ በቃ" አለው። "መጥቻለሁ።"

ያን ቀን አንድም ጣውላ አልተሰቀለም።